የመኪና ማቀዝቀዣ ጋዝ ለምን አይለቀቅም?

የመኪና ማቀዝቀዣ ሲበላሽ አንዳንድ መካኒክ አስቀድሞ ቱቦውን ይፈታና ጋዙን ወደ አየር ይለቀዋል። ጋዙ ቀለም ስለሌለው ምንም የጠፋ አይመስልም። እኛ ግን የጠፋውን በቁጥር ልናሳይ እንወዳለን።

እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በመኪና ውስጥ ይሠራበት የነበረው አር 12 የተባለው ጋዝ ነው። ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት በ1974 እንዳስረዱት፥ በውስጡ ያለው ክሎሪን ወደ ላይኛው አየር ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን ኦዞን ያፈርሳል። በ1987 የሞንትሪያል ውል ከተፈረመ በኋላም ጋዙ እየቀረ ሄደ። በእግሩ የተተካው አር 134ኤ ክሎሪን የለበትም፤ ነገር ግን አንዱ ኪሎ በ100 ዓመት ውስጥ ምድርን የሚያሞቀው 1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ነው። እንግዲህ ግማሽ ኪሎ ቢለቀቅ 715 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም 300 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ይበልጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ እየተነነና መልሶ ፈሳሽ እየሆነ በዚያው ይዞራል። ካነሰም የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

1ኛ፤ የጋዙ ዐይነት በመለያ መሣሪያ ይታወቃል፤ የተደባለቀ ከሆነ ለብቻው ይቀመጣል።

2ኛ፤ ጋዙ በመሳቢያ ማሽን ወደ ሲሊንደር ይገባል። ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ሲሊንደሩ ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም። ጋዙ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ የሚፈላ በመሆኑ ቆዳንና ዐይንን ይጎዳል፤ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል።

3ኛ፤ ዘይቱ ይለያል፤ ርጥበቱና ቆሻሻው በፊልትሮ ይጣራል።

4ኛ፤ የሚያፈሰው ቦታ ይጠገናል፤ ከዚያም የገባው አየርና ርጥበት በቫኩም ፓምፕ ይወጣል። ርጥበት ከቀረ አሲድ ፈጥሮ ብረቱን ይበላል።

5ኛ፤ የተጣራው ጋዝ በሚዛን ተለክቶ ወደ መኪናው ይመለሳል።

በአዳዲስ መኪናዎች የገባው አር 1234ዋይኤፍ ምድርን የሚያሞቀው እጅግ ጥቂት ቢሆንም፥ ሊቀጣጠል ስለሚችል ለእርሱ የተሠራ ማሽን ይፈልጋል።

ማሽኑ ውድ ነው፥ ባለመኪናውም ይቸኩላል የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። እውነት ነው። ሆኖም የሚያፈሰውን ሳይደፍኑ ጋዝ መሙላት በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው፤ ባለመኪናው ደግሞ ደጋግሞ ይከፍላል። በአሜሪካ አር 12ን በጥገና ጊዜ ዐውቆ መልቀቅ ከ1992፥ አር 134ኤን የመሳሰሉትን ደግሞ ከ1995 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። ከመካከላችን ነገ ጋራዥ የሚመራ ወይም ደንብ የሚያወጣ አይጠፋምና፥ ይህን ሥራ ከወዲሁ እንወቀው።