ዜማ በትዕግሥት፣ ጾምም በትዕግሥት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በዐቢይ ጾም ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጡ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ከበሮውና ጸናጽሉ ዐርፈዋል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ብቻ ይዘው በጾመ ድጓ ዜማ ቀስ ብለው ያመሰግናሉ። ይህ ዜማ በችኮላ አልተገኘም፤ በችኮላም አይማሩትም።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የተነሣ አባት ነው። በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት መምህሩና አጎቱ አባ ጌዴዎን ቢገርፉት ተማርሮ ሸሸ። በመንገድ ላይ ከዛፍ ሥር ዐረፍ ብሎ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ስትወጣ አየ። ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ በሰባተኛው ግን ከፍሬው ደረሰች። ይህን ታሪክ ሁላችንም ሰምተነዋል። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ትሏ ስትወድቅ ቀላል ዛፍ ፍለጋ አልሄደችም። ያሬድም ሌላ መምህር አልፈለገም፤ ይቅርታ ጠይቆ ወደዚያው ወደ ሸሸበት ቤት ተመለሰ። ሰማያዊው ዜማ የተገለጠለት ከዚህ መመለስ በኋላ ነው።

ዛሬም በዜማ ቤት ያለው ሥርዓት ይኸው ነው። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፤ የስምንቱን ምልክቶች ስም በአንድ ቀን መሸምደድ ይቻላል። ጉሮሮ እስኪለምዳቸው ግን ዓመታት ያልፋሉ። ተማሪው እንደ ሸማኔ ነው። ሸማኔ ክር ቢበጠስበት ሸማውን አይጥልም፤ የተበጠሰውን ቋጥሮ ይቀጥላል።

እኔም ዜማ ቤት ሳለሁ አንዲት መስመር አልያዝ ብላኝ ሦስት ቀን ሙሉ ደጋገምኳት። በአራተኛው ቀን ሰለቸኝና የከበደኝን ቦታ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለፍኩት። ጓደኞቼ አደነቁኝ። የኔታ ግን «ድምፅህስ ያምራል ልጄ፤ ዜማው ግን የለም» አሉኝ። በጣም አፈርኩ፤ ሌሊቱን ጓዜን ጠቅልዬ ልሄድ ተነሣሁ። ሲነጋ የኔታ ጠርተው «ያችኑ መስመር ይዘህ ና» አሉኝ። ከሌላው ሁሉ አላስጀመሩኝም፤ ካበላሸሁበት ቦታ እንጂ።

ወገኖቼ! ጾማችንስ እንዴት ነው? ሥጋና ወተቱን ትተን፣ በቤት ውስጥ ግን ቁጣችን ያው ከሆነ፣ ድምፁ አምሮ ዜማው የጠፋበት ተማሪ ሆነናል ማለት ነው። ምናልባት በቅድስት ሳምንት ከጎረቤትህ ተጣልተህ ይሆናል። ምናልባት ጸሎትሽን ካቋረጥሽ ሰንብተሽ ይሆናል። «የዘንድሮው አንዴ ተበላሽቷል፤ ለከርሞ እጾማለሁ» አትበሉ። ይህ ክር ተበጠሰ ብሎ ሸማውን መጣል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከወደቅንበት ቦታ እንጀምር። የተጣላነውን ሰው ዛሬውኑ እንታረቅ።

ሁለተኛ፣ የምንችለውን ያህል እንያዝ። በአንድ ቀን መቶ ሰግዶ በማግሥቱ ከመተው፣ ጥቂቷን በየዕለቱ መስገድ ይሻላል። ገብር ኄርም የተመሰገነው በጥቂቱ ስለታመነ ነው (ማቴ. 25፥21)።

ሦስተኛ፣ የሚሰማንና የሚያርመን አባት ይኑረን። ተማሪ የራሱን ስሕተት ራሱ አይሰማውም፤ ለዚህ ነው ንስሐ አባት የሚያስፈልገን።

መጻጉዕ 38 ዓመት በአልጋ ላይ ቆይቷል (ዮሐ. 5፥5)። ጌታ ሲመጣ ግን ያገኘው እዚያው ከመጠመቂያው ዳር ነው። እኛም ብንወድቅ ከዛፉ ሥር አንራቅ፤ ሰባተኛው መውጣት የቱ እንደሆነ አናውቅምና።

የቅዱስ ያሬድ ጸሎትና በረከት አይለየን፤ ጾሙን አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።