ለአጋዘን አደን የሾትገን ጥይት አመራረጥ

ከድሬዳዋ ለአደን የሚወጣ ሰው ጥይት ከመግዛቱ በፊት ምን እንደሚያድን ለይቶ ይወቅ። በአገራችን አጋዘን ሁለት ዓይነት ነው። የቆላው አጋዘን ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ጎኑ ላይ ነጫጭ መስመሮች የወረዱበት ሲሆን በቁጥቋጦ በተሸፈኑ ተረተሮች ይኖራል። የደጋው አጋዘን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ የሐረርጌ፣ የአርሲና የባሌ ከፍታዎች እንስሳ ነው። የሁለቱም አውራ ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ድኩላ ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ጥቅጥቅ ካለ ቁጥቋጦም አይርቅም።

ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ይያዙ። አደን የሚፈቀደው በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ቁጥጥርና በተወሰነ ኮታ ነው። መሣሪያው ራሱ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም ሆነ በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ማደን ክልክል ነው። በሚሄዱበት የአደን ቀበሌ ሾትገን ይፈቀድ እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ።

ቀጥሎ የመሣሪያዎን ቱቦ ውስጡን ይመልከቱ፤ ጥይቱን የሚመርጥልዎ እሱ ነው። ለዚህ አደን የሚሆነው ስላግ የሚባለው፣ በብዙ ትናንሽ እርሳሶች ፋንታ አንድ ወጥ እርሳስ የተጫነበት ጥይት ነው። ቱቦው ልስልስ ከሆነ ሁለት ምርጫ አለ። የመጀመሪያው ጀርመናዊው ቪልሄልም ብሬነከ በ1898 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው፤ ድፍን እርሳስ ሆኖ ጭራው ላይ ቀላል መያዣ ተጣብቆበታል። ሁለተኛው አሜሪካዊው ካርል ፎስተር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው፣ ከኋላው ክፍት የሆነው ነው። ሁለቱም ክብደታቸው ወደፊት ስለሚያደላ በአየር ላይ ቀጥ ብለው ይበርራሉ። የፎስተሩ እርሳስ ለስላሳ በመሆኑ ሲመታ ቶሎ ይጠፈጠፋል። ድኩላን ለሚያህል እንስሳ ይበቃል፤ ለአጋዘን ትከሻ ግን ጠንከር ያለውንና ጠልቆ የሚገባውን የብሬነከ ዓይነት እመርጣለሁ።

ቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ካለ በፕላስቲክ ልባስ የተያዘውን ሳቦት ይግዙ። ይህ ጥይት የሚረጋው ሲሽከረከር ነው፤ ከልስልስ ቱቦ ሲተኮስ ስለማይሽከረከር ይገላበጣል። ዋጋው ውድ ስለሆነ ብቻ ይሻላል ብለው ለልስልስ ቱቦ የሚገዙት ሰዎች ገንዘባቸውን ብቻ ሳይሆን እንስሳውንም ይበድላሉ። የአፈሙዙን መጥበብ፣ ማለትም ቾኩንም ይመርምሩ። ለስላግ ክፍት ወይም ጥቂት ብቻ የጠበበ አፈሙዝ ይስማማዋል፤ በጣም በጠበበው አይተኩሱ።

ቱቦው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ሳያነቡ ጥይት አያጉርሱ። 12/70 ከተባለ 76 ሚሊ ሜትር ጥይት ለእርስዎ መሣሪያ አይደለም። አንዳንዴ ቢገባም ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። የ20 ጌጅ ጥይት ከ12 ጌጅ ጋር በአንድ ኪስ አይያዙ። ከ12ቱ የሚቀጥነው የ20ው ሾልኮ ቱቦው ውስጥ ይቀረቀራል፤ ከኋላው ሌላ ጥይት ተጎርሶ ከተተኮሰ ቱቦው ይፈነዳል። ብዙ ፋብሪካዎች የ20ውን ቀለህ ቢጫ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው።

የድሬዳዋ ሙቀት የራሱ ጣጣ አለው። ባሩድ ሲሞቅ ፈጥኖ ይነድዳል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ጥይትዎን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉ፤ ጥላ ውስጥ፣ በጨርቅ ከረጢት ያኑሩት። የኢላማ ሙከራዎንም በሚያድኑበት ሰዓት ሙቀት ያድርጉ።

ሙከራው እንዲህ ነው። በተፈቀደ የተኩስ ቦታ፣ መሣሪያውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው በ50 ሜትር ርቀት አምስት ጥይት ይተኩሱ። ሁለት ሦስት ዓይነት ጥይት ያወዳድሩ፤ ሁለት አንድ ዓይነት የሚመስሉ መሣሪያዎች እንኳ የሚወዱት ጥይት ይለያያል። ቀዳዳዎቹ በመዳፍ ስፋት ውስጥ ካልተሰበሰቡ ያ ጥይት የእርስዎ አይደለም። በ50 ሜትር የተስተካከለ የልስልስ ቱቦ ስላግ 100 ሜትር ሲደርስ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ለልስልስ ቱቦ ወሰንዎ ከ60 እስከ 70 ሜትር ይሁን፤ ሳቦት ለለመደ እጅ ከ100 ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። የቆላ አጋዘን ከገደል ማዶ ብቻ የሚታይ ከሆነ ሾትገን አይበቃም። ይተዉት፣ ወይም በጠመንጃ ያድኑት።

በሜዳ ላይ እንስሳው ጎኑን እስኪሰጥ ይጠብቁ፤ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከደረቱ ቁመት ዝቅተኛው ሲሶ ላይ ያልሙ። ከኢላማው በስተጀርባ አፈር ያለበት ተረተር ይኑር። ስላግ ዒላማውን ስቶ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ፣ ድንጋይ ላይም ሊነጥር ይችላል፤ በድሬዳዋ ዙሪያ ቆላ ደግሞ እረኛና ግመል የሌለበት ሸለቆ ጥቂት ነው። ከተኮሱ በኋላ እንስሳው ቢሮጥ ወዲያው አይከተሉት። የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርገው ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ፣ ከዚያ ደሙን ተከትለው ይሂዱ፤ የቆሰለ አጋዘን እስኪገኝ ድረስ ሌላ አይተኩሱ።