ሁለት ሃይላንድ፣ አንድ ጫካ

ጥያቄ፦ የ6ኛ ክፍል ልጄ «ስለ ጫካችን ጥቅም የሚያሳይ ነገር በእጅህ ሠርተህ አምጣ» ተብሏል። ሳይንስ አልተማርኩም፤ በምን ልርዳው? (እናት፣ ከቦንጋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዕቃው ደጅዎ ላይ ነው። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ጎናቸውን ይቅደዱና ልጅዎ እኩል አፈር ይሙላባቸው። አንዱን ራቁቱን ይተወው፤ ሌላውን ከቡና ጥላ ሥር የረገፈ ቅጠል ያልብሰው። አፋቸውን ዝቅ አድርጎ ያጋድማቸው፣ ከሥር ብርጭቆ ይደቅን፣ እኩል ውሃ በቀስታ ያፍስስ። ከራቁቱ የሚወርደው ይደፈርሳል፤ ከለበሰው ጠራ ያለ ይወጣል። ቅጠሉ የጠብታውን ጉልበት ሰብሮ ውሃው እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጠዋልና። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ጫካም አፈሩን የሚይዘው እንዲሁ ነው።

ስለት ያለበትን ሥራ እርስዎ ይሥሩ፤ የቀረውን ቢያጣምመውም ይተዉለት። መምህር የእናትን እጅ ከሩቅ ያውቃል! ሦስት ጊዜ ይድገመውና ያየውን በራሱ ቃል ይጻፍ።