ገመድ አልባ የኢንተርኔት ማከፋፈያ (ራውተር) ስለ መትከል

የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴ ዋጋ የሚጠይቀው፥ ሰነድ የሚልከው፥ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም በቴሌብር ሒሳብ የሚቀበለው በኢንተርኔት ነው። ስለዚህ መስመሩን ለሱቅና ለቤት የሚያከፋፍለው ራውተር በጥንቃቄ ሊተከል ይገባዋል።

አንደኛ፤ ቦታው። መሣሪያው ከወለል ከፍ ብሎ በቤቱ መካከል ይቀመጥ። የድንጋይ ግንብ፥ ቆርቆሮና የብረት መዝጊያ ሞገዱን ያግዳሉ፤ ስለሆነም በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ራውተር በውጭ ላለው ጽሕፈት ቤት እምብዛም አይጠቅምም። የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ የ5 ጊጋ ኸርዝ ግን ቢፈጥንም በግንብ ቶሎ ይደክማል።

ሁለተኛ፤ የይለፍ ቃሉ። ከመሣሪያው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ያየ ሁሉ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው እንደ በራ፥ በዚያው ወረቀት የተመለከተውን አድራሻ፥ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1ን፥ በኮምፒዩተር ከፍቶ ሁለት ነገር መለወጥ ያሻል፤ ይኸውም የማስተዳደሪያውንና የገመድ አልባውን መስመር የይለፍ ቃል ነው። ሁለቱም የተለያዩ ይሁኑ፤ ጥበቃውም ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም 3 ተብሎ ይመረጥ።

ሦስተኛ፤ እንግዳ። ደንበኛ ኢንተርኔት ቢጠይቅ የእንግዳ መስመር ለብቻው ይከፈትለት። የሒሳብ መዝገብ ያለበት ኮምፒዩተር ከማይታወቅ ሰው ስልክ ጋር በአንድ መስመር ሊገናኝ አይገባውም። ሠራተኛ ሥራውን በለቀቀ ቁጥርም የይለፍ ቃሉ በዚያው ዕለት ይለወጥ።