ለተጫዋች አመታት የሚስማማ ድራይቨር፦ የክብደት አቀማመጥ ሚና

በጎልፍ ሕግ የድራይቨር ጭንቅላት ይዘት ከ460 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። መጠናቸውና የፊታቸው ማዘንበያ ማዕዘን እኩል የሆኑ ሁለት ድራይቨሮች በጭንቅላታቸው ውስጥ ባለው የክብደት አቀማመጥ ሊለያዩ ይችላሉ። ክብደቱ ወደ ፊት ያደላው ዱላ የኳሷን የኋሊት ሽክርክሪት ስለሚቀንስ ፈጣን አመታት ላለው ተጫዋች ርቀት ይጨምራል፤ አመታቱ ዝግ ላለ ግን ኳሷ ቶሎ ልትወድቅበት ትችላለች። ወደ ኋላ ያደላው ኳሷ ከፊቱ መሀል ውጭ ስትመታ መጠማዘዝን ይበልጥ ስለሚቋቋም የፍጥነትና የአቅጣጫ ኪሳራው ያንሳል። ስለዚህ ምርጫው በአንድ ረጅም ምት ሊወሰን አይገባም። ተጫዋቹ በዱላዎቹ ፊት ላይ ዱቄት ነስንሶ በሁለቱም ደጋግሞ በመምታት የኳሷን አሻራዎች ማነጻጸር ይኖርበታል። አሻራዎቹ ከተበታተኑ ወደ ኋላ ያደላው፣ መሀል ላይ ከተሰበሰቡና አመታቱ ፈጣን ከሆነ ደግሞ ወደ ፊት ያደላው ይመረጣል።