መርዶና የእጅ ስልክ

በአገራችን መርዶ በችኰላ አይነገርም። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ማልደው ይሰበሰባሉ፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ይነገራል።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፥ በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፥ በሊብያ የተገደሉት ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ምስል በኢንተርኔት እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ መሀል ከተማ ስንሄድ በምናገኘው በቂርቆስ፥ የልጆቻቸውን ሞት ከዚያው ምስል የተረዱ ቤተ ሰቦች ነበሩ። ምስሉን ያዛመቱት ገዳዮቹ ብቻ አልነበሩም፤ እያለቀስን ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላለፍነው እኛም ነበርን። ገዳዮቹ የቀረጹት እንዲታይላቸው ነበርና፥ ሳናስበው መልእክተኞቻቸው ሆንን።

ስለዚህ፥ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ ወጣቶች በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ የደረሳቸውን የሟች ምስል ሲያሳዩአችሁ፥ ‹‹እናቱ ሰምታለችን? ማንስ አጠገቧ አለ?›› ብላችሁ ጠይቁአቸው።