የመሪ ቁልፍ ብቻውን ይበቃል?

ጥያቄ፦ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክሌን ማታ መሪውን ቆልፌ ግቢ አሳድረዋለሁ። ሰንሰለት ልጨምር ወይስ አላርም?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመሪ ቁልፍ መንዳትን እንጂ መሸከምን አያግድም፤ እንዲህ ያለውን ቀላል ሞተር ጥቂት ሰዎች አንስተው ፒክአፕ ላይ ይጭኑታል። የዲስክ ፍሬን ቁልፍም ከዚህ አያድንም። ስለዚህ ሰንሰለቱን ቢያስቀድሙ ይሻላል፣ ያውም በኮንክሪት ከተቀበረ ብረት ጋር። በሻሲው በኩል ያሳልፉት፤ የፊት ጎማው ብቻ ከታሰረ ጎማው ተፈትቶ ይቀራል፣ ሞተሩ ይሄዳል። ሰንሰለቱ መሬት ላይ አይተኛ፣ ለመዶሻ መደገፊያ ይሆናልና። «ሰንሰለትም ይቆረጣል» ቢሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወፍራምና የጠነከረ ብረት በእጅ መቁረጫ በቀላሉ አይበገርም፣ ግራይንደር ደግሞ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። አላርም የሚጠቅመው የሚሰማው ሰው ሲኖር ነው። ከገዙም ሽቦውን የሞተር ኤሌክትሪክ ባለሙያ ያገናኝልዎ፤ የተሳሳተ ግንኙነት ባትሪ ይጨርሳል፣ ሲብስም እሳት ያስነሳል።